በር ሲከፈት ብቻ የሚነድ ሂተር

ጆሃንስበርግ ታክሲ ውስጥ መስኮት ዝጉ እያለች ከሰው ጋር የምትጣላ ሐበሻ ያኔ አጋጥማችሁ ከሆነ፣ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ከኋላ የተቀመጡት የዙሉ እናቶች «ቩላ፣ ማማ፣ ቩላ» ይሉኛል፤ ክፈቺው ማለታቸው ነው። እኔ እቴ! እንዳልሰማ ሆኜ አንገቴን በሻርፕ እጠቀልላለሁ። ሰው ታፍኖ ቢሄድ ምን ይሆናል? ያልበዋል፣ በቃ። ነፋስ ግን ጎን ይወጋል፣ አንገት ያጣምማል፣ ሳንባ ያበላሻል። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ከእናቴ ጡት ጋር የገባ ነገር ነው።

ያን ክረምት የምንኖረው ካራቫን ውስጥ ነበር። ካራቫን እንበለው እንጂ የራሱ ሞተርና መሪ ያለው፣ ከፊቱ መኪና ከኋላው ቤት የሆነ፣ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ ነገር ነው። ኦሬንጅ ፋርም የነበረው ሱቃችን ወረቀቱ አልተሟላም ተብሎ ከተዘጋ በኋላ ባሌ ነው ያገኘው። ወደ ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ሽማግሌ ነጭ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር። ሽማግሌው ድሮ ከሚስቱ ጋር ባሕር የሚሄድበት ነበር አሉ፤ እሷ ከሞተች ወዲህ ከቦታው አልተነቃነቀም፣ በጎማው መሐል ሣር በቅሎበታል። ሽማግሌውን እንደ አገሩ ሰው «ኡፓ» እንለዋለን፤ አያታችን እንደማለት ነው። ውስጡ ሁለት አልጋ፣ አንድ የሚታጠፍ ጠረጴዛ፣ ሻንጣ የምታክል ወጥ ቤት አለች። ከቁም ሣጥኑ ሥር ደግሞ በጋዝ የሚሠራ ሂተር ተሰክቷል። ጭስ ማውጫ የሌለው ዓይነት ነው፤ እሳቱ ከፊት ለፊትህ ይነዳል፣ አንተ ትሞቃለህ።

አባቴ ከሆሳዕና የመጡት በሰኔ መጀመሪያ ነው። የልባቸው ቫልቭ ተበላሽቶ እዚህ ሊቀየርላቸው። ቀኑን ለፍቶ ያስያዘልን እዚሁ ሆስፒታል የሚሠራ ያገራችን ልጅ፣ ዶክተር ነው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ላለው ማክሰኞ። ከኤርፖርት እንደመጣን ለብቻዬ ጠራኝና «እህቴ፣ እስከዚያ ማክሰኞ አንድ ጉንፋን እንዳይዛቸው። ደረታቸው ከታመመ ቀኑ ያልፋል። ሌላ ቀን አላገኝላቸውም፤ ልባቸውም አይጠብቅም» አለኝ።

ጻካኔ የሚባል ሰፈር ዘመዶች አሉን፤ ግን ከሱቅ ጀርባ ባንድ ክፍል ስድስት ሆነው ነው የሚያድሩት፣ ስድስቱም ይስላሉ። ሶዌቶ ያለችው ያክስቴ ልጅ ቤት ደግሞ በሩ ቀኑን ሙሉ ሲከፈት ሲዘጋ ይውላል። ስለዚህ አባቴን እዚያው ካራቫን ውስጥ አስቀመጥናቸው። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንዳንሰካ፣ ከኡፓ ቤት የተሳበው ሽቦ ሻይ ማፍያና አምፖል ባንድ ላይ እንኳ አይችልም። ተስፋችን ያቺ ሂተር ብቻ ነበረች።

እሳቸው ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው እጄን እያስጠጋሁ ነፋስ የሚገባበትን ፈለግሁ። አምስት ቦታ አገኘሁ። አንዱ ከምድጃው ሥር፣ አንዱ ከአልጋው ጎን፣ አንዱ ወለሉ ላይ፣ ሁለቱ ጣሪያው ላይ። ሁሉም ወንፊት የተገጠመላቸው፣ ሆን ተብለው የተሠሩ ቀዳዳዎች ናቸው። ፋብሪካው ምን ብሎ ይህን እንደሠራ ሳስብ ቆየሁና፣ ነጭ ብርድ አይሰማውም ብዬ ሐሳቡን ተውኩት። የባሌን አሮጌ ቀይ ሹራብ በመቀስ ቆራርጬ ሦስቱን ወተፍኳቸው። የጣሪያዎቹን በላስቲክና በቴፕ ለጠፍኩ። ወንበር ላይ ቆሜ፣ ክንዴ እስኪዝል ድረስ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ባሌ ማታ ገብቶ ግድግዳውን በመዳፉ እየነካ «አሁን ቤት ሆነ» አለ። እሱም ያገሬ ልጅ ነው፤ የዱራሜ ሰው ይሁን እንጂ ለነፋስ ያለው ጥላቻ ከእኔ አያንስም። ሙያው ፍሪጅ መጠገን ነው። ከጻካኔ እስከ ሶዌቶ ፍሪጁ የሞተበት ባለሱቅ ሁሉ ለእሱ ነው የሚደውለው። በማግሥቱ ከአንድ የተጣለ የለስላሳ ፍሪጅ በር ላይ ጎማውን ልጦ አመጣና የካራቫኑን በር ዙሪያውን ለጠፈበት። በሩ ሲዘጋ እንደ ፍሪጅ በር ጥብቅ አለ። ሁለታችንም ሳቅን።

አባቴ ገቡ። ሂተሩን ለኮስን። ሰማያዊ፣ ቀጥ ያለ እሳት። አባቴ እጃቸውን ዘርግተው እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ እሳቱ ቢጫ ሆነ፣ አነሰ፣ ተወዛወዘና ጠፋ።

ባሌ ሲሊንደሩን ነቀነቀ። አልቋል ብሎ ሌላ አመጣ። ሲሊንደሩ ውጭ ስለሆነ በሩን ከፍቶ እየወጣ እየገባ አገናኘ፣ ለኮሰ፣ ነደደ። በሩን ዘጋን። ሰዓት ሳይሞላ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ሬጉሌተሩን፣ የጋዙን ግፊት የሚመጥነውን፣ ቀየረ። ነደደ፣ ጠፋ። በአምስተኛው ቀን ጂግለሩን፣ ያቺን ጋዝ የሚወጣባትን ደቃቃ ቀዳዳ፣ ፈትቶ በመርፌ ጠረጋት፤ በአፉ እፍ ብሎ፣ በብርሃን አይቶ መለሳት። ነደደ፣ ጠፋ። ከዚያ ደግሞ እሳቱ ሲጠፋ ጋዙን የምትዘጋውን ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠረጠረ። ከሌላ አሮጌ ሂተር አውጥቶ ለወጣት። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል እየፈታ። ሥሩ የት እንዳለ ግን እግዜር ይወቅለት።

አንድ ቀን ተናዶ ሂተሩን ጠቅላላ ነቅሎ ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አነደደው። ከጠዋት እስከ ምሳ ነደደ። ሰማያዊ፣ ንቅንቅ የማይል። ምንም አላገኘበትም። መልሶ አስገብቶ ገጠመው፣ በሩን ዘጋን፣ ጠፋ።

«እንደ አንተው ነው» አልኩት። «ውጭ ጎበዝ፣ ቤት ሲገባ ይጠፋል።»

አባቴ ሳቁ። ባሌ አልሳቀም። እኔም ቀልድ ላድርገው ብዬ እንጂ አንጀቴ አርሮ ነበር። ማክሰኞ እየቀረበ ነው፣ ሰውየው ብሎን ይፈታል። የሰው ሁሉ ፍሪጅ ሠርቶ ለአማቱ አንድ እሳት ማቆየት ያቃተው ወንድ! ይህንንም አልኩት። የባሰም ብዬዋለሁ። እየጠፋ እየለኮስን፣ እየጠፋ እየለኮስን ቀኑን እንገፋለን። እኔ ከአጠገቡ አልነሳም፤ ሲጠፋ ወዲያው እለኩሳለሁ። ቢጫ ሲሆን ደግሞ አባቴ «አሁን እሳት መሰለ፤ ሰማያዊው የስፒርቶ ነው የሚመስለው» ይላሉ። እውነትም ቢጫው የሚያሞቅ ይመስል ነበር።

ባሌ ሲቸግረው ኡፓን ለመነው። ሽማግሌው በዱላው እየተደገፈ መጥቶ መግቢያው ደረጃ ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ እንዲገባ አይፈቅድለትም። እሱ ተቀምጦ ሳለ በሩ አይዘጋም፣ ሂተሩም አይጠፋም። ረጅም ጊዜ ተመለከተው። ደህና ነው አለ፣ ምንም የለውም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በእንግሊዝኛ አየር ትተዋላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቀዳዳዎቹ ክፍት ናቸው? መስኮቱን ትንሽ ገርበብ ታደርጋላችሁ?

እኔ አባቴን በሦስት ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ይህ ሰውዬ መስኮት ክፈቺ ይለኛል። በልቤ ሊገድልብኝ ነው አልኩ። በአፌ ግን ሽማግሌ ስለሆነ፣ ባለቤቱም እሱ ስለሆነ፣ «የስ ኡፓ፣ ኦፕን፣ ኦፕን» አልኩት። እራሱን ነቅንቆ ሄደ። ባሌ ቆሞ ይሰማል። እሱም አላስተባበለኝም። ነጭ መቼም አየር ይወዳል ተባብለን ተውነው።

በሁለተኛው ሳምንት አባቴ ራሳቸውን ያማቸው ጀመር። ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ። እህል እምቢ አሉ። ብርድ ነው አልን፣ ሌላ ምን ይሆናል? ፌጦ በነጭ ሽንኩርት ደቁሼ ሰጠኋቸው። በበሩ ላይ ብርድ ልብስ በምስማር ሰቀልኩ። ሲብስባቸው ከአልጋው ጎን ያለውን ውታፍ አጥብቄ ገፋሁት። መስኮቶቹ ከውስጥ ውሃ ያንጠባጥባሉ፤ ከሂተሩ በላይ ያለው ግድግዳ ጥላሸት ያዘ። ሁሉንም በጨርቅ ወለወልኩ። ንጽሕና እወዳለሁ።

ከሰል ቢሆን ኖሮ እኮ አውቅ ነበር! ከሰል በተዘጋ ቤት እንደማይለኮስ አገራችን ሕፃን ያውቃል፤ ስንት ሰው አልቆበት። ጋዝ ግን ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፣ የሠለጠነ ሰው ነገር ነው አልን። ከሰሉን ፈርተን ጋዙን አመንነው።

የእኔም ራስ ይፈልጠኝ ነበር። ከባሌ ጋር በመጨቃጨቄ ነው ብዬ አሰብኩ። እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት ስሄድ ግን ሁለተኛው መዝሙር ሳያልቅ ልቅቅ ይለኛል። እናም ታውቃላችሁ ምን አደረግሁ? ተነስቼ መሰከርኩ። ማይክራፎን ይዤ፣ እያለቀስኩ፣ ጌታ ከራስ ምታት ነጻ እንዳወጣኝ ተናገርኩ። ጉባኤው እልል አለ። አባቴ ግን ብርድ እንዳይመታቸው እዚያው ካራቫን ውስጥ፣ በሩ ጥብቅ ብሎ፣ ተኝተው ነበር። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴን የምደብቅበት አጣለሁ።

ማክሰኞ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ዶክተሩ ሊያያቸው መጣ። ገብቶ ሁለት ደቂቃ አልቆመም። መስኮቱን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ቢጫውን እሳት አየ፣ አባቴን ቢጠራቸው በደንብ አልመለሱለትም። ዘሎ ጋዙን አጠፋው። የሰቀልኩትን ብርድ ልብስ ከነምስማሩ ቦጭቆ በሩን በእግሩ በረገደው። ከዚያ ባሌን «እግራቸውን ያዝ» አለውና አባቴን አንስተው ወደ ግቢው አወጧቸው። በሰኔ፣ በዚያ የሚጋረፍ ነፋስ፣ በአንድ ሹራብ።

እኔ አበድኩ። ተናንቄዋለሁ፤ አልክድም። የአባቴን ልብስ ወደ ውስጥ እየጎተትኩ «ምን ነካህ? አንተ አይደለህ ጉንፋን እንዳይዛቸው ያልከው? ልትገድልብኝ ነው?» አልኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ እርስዎ ነበር የምለው።

እሱ ወደ ውስጥ ተመልሶ በጉልበቱ ተንበረከከና ከምድጃው ሥር ዳበሰ። የባሌን ቀይ ሹራብ ጎትቶ አወጣው። ከአልጋው ጎንም አወጣ። ከወለሉም። ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ። «ይህን ማን ነው ያደረገው?» አለ፤ አልጮኸም። ባሌ በሩ ላይ ቆሞ የራሱን ጎማ ይመለከታል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ወደ እሱ። ሦስት ሳምንት የፈታታው፣ የጠረገው፣ የለወጠው ሁሉ ደህና እንደነበረ ያን ጊዜ ገባው። እሳቱ አየር አጥቶ ነው ይጠፋ የነበረው። እኛ ደግሞ በጠፋ ቁጥር እንለኩሰዋለን። የታፈነ እሳት የማይሸት መርዝ እንደሚተፋ፣ ልባቸው የታመመ ሰው ደግሞ ከሁሉ በፊት እንደሚጎዳ፣ ዶክተሩ ወደ ሆስፒታል እየነዳ ነገረን። ቀስ ብሎ ነው የነገረን። ቢሰድበን ይሻለን ነበር።

አባቴ በኦክስጅን ነቁ፤ አወቁን። ማክሰኞ አለፈ። ልባቸው ከመጡበት ቀን የባሰ ደክሟል፣ ቢላዋ አይችልም ተባለ። ሌላ ቀን እንዲሰጡን ዶክተሩ ለመነልን፤ በእንባ ነው የለመነው ማለት እችላለሁ። አልሆነም። መድኃኒት ጽፈው፣ መብረር ሲችሉ አገራቸው ይግቡ አሉ። በዚያ ላይ ከቅዳሜው ነፋስ በኋላ አባቴ ሳል ያዛቸው። ቀላል ሳል ነበር፤ ግን ሳል ነው።

እሳቸው ነገሩን የተረዱት በዚያ ሳል ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ነፋስ ሳይነካቸው ደህና ነበሩ፤ ራስ ምታቱ የመንገድ ድካም ነው። አንድ ቀን በሩ ተበርግዶ ነፋስ መታቸው፣ ደረታቸው ታመመ፣ ቀኑ አለፈ። ዶክተሩ ራሱ አስቀድሞ ያለው ይህንኑ አይደል? በስልክ ለሆሳዕና ዘመድ ሁሉ እንዲህ እያሉ ይነግራሉ፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እሰማለሁ። ባሌ ሊያስረዳቸው ሞክሯል። የቀዳዳውን ነገር፣ የአየሩን ነገር፣ በወረቀት ስሎ ሁሉ አሳያቸው። በትዕግሥት አዳመጡትና «ልጄ፣ እሳት ያቃጥላል እንጂ ይመርዛል? ከሰል መሰለህ?» አሉት። ከዚያ በኋላ አላነሳውም።

በረራው እስኪደርስ አሥራ አንድ ቀን ካራቫኑ ውስጥ ተቀመጡ። አምስቱም ቀዳዳ ተከፍቷል፤ የፍሪጁን ጎማ ባሌ ራሱ ገሽልጦ ጥሎታል። ሂተሩ አንድ ቀን እንኳ አልጠፋም። ጠዋት ከለኮስነው እስክንተኛ ሰማያዊ ሆኖ ይነዳል። ባሌ ዞር ብሎም አያየው። አባቴ ፊታቸውን ወደ ቀዳዳው አዙረው ይተኛሉ፤ «ከዚህ ይገባል፣ ልጄ፣ በዚህ በኩል ነው፣ ጨርቅ ቢጤ» ይሉኛል። አልሰጥም እላለሁ። የሚሞት ሰው አንድ ቁራጭ ጨርቅ ለምኖኝ ከለከልኩት። እንደ ጨካኝ ሴት እያዩኝ ብርድ ልብሱን ወደ አንገታቸው ይስባሉ።

በሚሄዱበት ጠዋት ባሌ ሻንጣውን ሲያወጣ እጄን ያዙኝ። ከባሌ ፊት ሁሌም አማርኛ ነው የሚያወሩት፣ እሱ የእኛን ቋንቋ ስለማይሰማ እንዳይከፋው። ያን ጊዜ ግን በሀዲይኛ ነው ያወሩኝ፤ ለእኔ ብቻ ሊሉኝ የፈለጉት ነገር ነበር። አገር ከገቡ በኋላ ዘጠኝ ሳምንት ነው የቆዩት፤ እኔ ደግሞ ወረቀቴ ስለማያስወጣኝ ለቅሶአቸውን የተቀመጥኩት እዚሁ ነው። ፊት ለፊት ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገርነው ያን ጠዋት ነበር ማለት ነው። እኔ ቀደምኳቸው። ተንበርክኬ፣ «አባባ፣ ያንን ሁሉ የደፈንኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ሦስት ሳምንት ስለማመደው የነበረ ቃል ነው።

ጭንቅላቴ ላይ እጃቸውን ጫኑ።

«የደፈንሽውንማ አይቻለሁ፤ ከነፋስ ለይተሽ ያኖርሽኝን ጌታ ይክፈልሽ» አሉኝ። «ስለ ከፈታችሁት ደግሞ አትዘኚ። እሱንም ይቅር ብዬሻለሁ።»

ባሌ ከውጭ መኪናው መጥቷል እያለ ይጣራል። «አይደለም አባባ፣ የጎዳዎት መድፈኔ ነው» ልላቸው ቀና አልኩ። እሳቸው እጃቸውን አላነሱም፤ አሜን እስክል እየጠበቁ ነው።

አሜን አልኩ።